የተማሪ ኑሮ በጨዋታ መልክ፤ ከጎንደር ሲመዘን

ተማሪነት ከሰው ዕድሜ ተቆርሶ የሚቀመጥ ልዩ ወቅት ነው። ተማሪው ከወላጆቹ ቤት ወጥቷል፤ የራሱን ቤት ግን ገና አልሠራም። ምግቡን፣ ማደሪያውንና የጥናት ሰዓቱን በራሱ ማብቃቃት የሚለምደው በዚሁ ወቅት ነው። ይህን መካከለኛ ዘመን በኮምፒዩተር መስኮት ላይ አስመስሎ ለማሳየት «ዘ ሲምስ» የተባለው የኑሮ ጨዋታ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2013 እና በ2019 ሦስት ጊዜ ሞክረዋል። ሙከራቸውም ከተጫዋቾች ዘንድ ምስጋናም ወቀሳም አስከትሏል። አንድን ነገር ከመሥራት በፊት አስመስሎ ማየት የመሐንዲስ የዕለት ሥራ በመሆኑ፣ የተጫዋቾቹ አስተያየት ለሙያው ሰዎች ትምህርት አለው። ሆኖም የጨዋታውን ልክነት ለመመርመር ከጨዋታው ውጭ የሆነ ሚዛን ያስፈልጋል። ተማሪ ተለይቷት የማታውቀው ጎንደር ይህን ሚዛን ለማዋስ የበቃች ከተማ ናት።

ጎንደር በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ፣ መናገሻ ከሆነች በኋላ በአብያተ ክርስቲያናቷ ዙሪያ የዜማ፣ የቅኔ፣ የአቋቋምና የመጻሕፍት ጉባኤዎች ተተከሉ። በአታ የአቋቋም ማስመስከሪያ ሆና ታወቀች፤ በመጻሕፍት ትርጓሜም የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት ስልቶች ከዚህችው ከተማ ጋር ተያይዘው ይነሣሉ። ወደነዚህ ጉባኤዎች የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልበትን ዱላ ይዞ ከደብር ወደ ደብር የሚዘዋወር ነው። ማደሪያው ትንሽ የሣር ጎጆ፣ ምግቡም በየደጁ ቆሞ ለምኖ የሚያገኘው ቁራሽ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ከሰው ተለይቶ በዛፍ ጥላ ሥር ሲቆጥር ይውላል፤ ሲመሽ የደረሰውን ለመምህሩ ይነግራል። ከመምህሩ ፊት የሚቆይበት ሰዓት ከቀኑ ጥቂቱ ብቻ ነው። የሚበዛውን የሚማረው ከአስነጋሪውና ከባልንጀሮቹ፣ ቁራሽ ከሚሰጡት እናቶችና ከራሱ ረኀብ ነው። መንደሩ ካላበላው ጉባኤው ስለሚፈታ፣ መንደሩ ራሱ የትምህርት ቤቱ አካል ነበር ለማለት ይቻላል።

በዚህችው ከተማ ሌላ ዓይነት ተማሪ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሲቋቋም ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። ኮሌጁን ለማቋቋም የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ተባብረዋል። የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒተሪያኖች የተለያየ ትምህርት ይማሩ እንጂ፣ ከሥልጠናቸው አንዱን ክፍል በቡድን ሆነው ወደ ገጠር በመውጣት ይፈጽሙ ነበር። በደንቢያ ቆላ ድባ፣ በኋላም በሰሜን ጎንደር ደጋ ዳባት፣ ከኮሌጁ ጋር የተቆራኙ የማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች ሆኑ። ተማሪው በዚያ በሽተኛ ያክማል፤ ምንጭ ያጎለብታል፤ መጸዳጃ ያስቆፍራል፤ ከአርሶ አደሩ ቤት ገብቶ ስለ ጤና ያስተምራል። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚግ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ፋኩልቲ ከፈተ፤ በ2004ም ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቃ። የቆሎ ተማሪውና የጤና መኮንኑ ዓለማቸው እጅግ የተራራቀ ቢሆንም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም የተማሩት ከሌላው ሰው ኑሮ መካከል ሆነው ነው።

ጨዋታው ደግሞ የተጀመረው ከቤት ነው። «ዘ ሲምስ» እ.ኤ.አ. በ2000 በማክሲስ ኩባንያ ተሠርቶ ወጣ። ፈጣሪው ዊል ራይት በ1991 በኦክላንድ በተነሣው ታላቅ ቃጠሎ ቤቱን ካጣ በኋላ፣ ኑሮን እንደገና የማደራጀቱ ድካም ሐሳቡን እንዳዳበረለት ተናግሯል። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ቤት ይሠራል፤ በውስጡ የሚኖሩትን ሰዎችም ያስተዳድራል። የእያንዳንዱ ሰው ፍላጎት በስምንት መስፈሪያ ይለካል፤ ረኀብ፣ ድካም፣ ንጽሕና፣ መዝናኛ፣ የሰው ናፍቆትና የመሳሰሉት በመስመር ከፍና ዝቅ ሲሉ ይታያሉ። ድል የሚባል መጨረሻ የለውም። ስለዚህ ተጫዋቹ ጨዋታውን የሚመዝነው ከሚያውቀው ኑሮ ጋር አስተያይቶ ነው።

ለሁለተኛው «ሲምስ» እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 የወጣው የዩኒቨርሲቲ ተጨማሪ ክፍል በጉርምስናና በጉልምስና መካከል አዲስ የዕድሜ እርከን አስገባ። አራቱ ዓመት በስምንት መንፈቅ ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ መንፈቅ በፈተና ይዘጋል። ተማሪው በማደሪያ ቤት፣ በኪራይ ቤት ወይም በተማሪዎች ማኅበር ቤት ይኖራል። ብዙዎች ይህን እርከን በደስታ ተቀበሉት፤ ልጅ ተብሎ የነበረው ሰው በአንድ ሌሊት ጎልማሳ ከመሆን ዳነ አሉ። ሌሎች ግን ርዝመቱ አሰለቻቸው። ብዙ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ተጫዋች ልጆቹን ሁሉ በየተራ ስምንት መንፈቅ ማስጨረስ ነበረበት። ከዚህም የባሰ፣ ተማሪው አራት ዓመት ሲደክም በመንደሩ ያለው ጊዜ አይንቀሳቀስም፤ ታናሽ ወንድሙም እንደተወው ሆኖ ይጠብቀዋል።

በሦስተኛው «ሲምስ» እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 የወጣው ክፍል አንዱን ቅሬታ ለማቃለል ሞከረ። ተጫዋቹ ትምህርቱን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ዘመን እየከፋፈለ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚኬደው ግን እንደ መንገደኛ ነበርና የትውልድ ከተማው ጊዜ አሁንም ቆሞ ቀረ። የተማሪው ጠባይም የመጽሐፍ ሰው፣ የስፖርት ሰው ወይም ዐመፀኛ ተብሎ በሦስት ወገን ተመደበ። ይህን አንዳንዱ እንደ ቀልድ ወደደው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰውን በሦስት ጎራ ብቻ መክፈል አሳነሰብን አለ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ለአራተኛው «ሲምስ» የወጣው ክፍል ትልቅ ለውጥ አመጣ። ተማሪው በማደሪያ ቤትም ሆነ በገዛ ቤቱ እየኖረ መማር ቻለ፤ ልጆች ያሏት እናትና ሽማግሌም ሳይቀሩ መመዝገብ ቻሉ። ለትምህርቱ ይከፈላል፤ ገንዘብ ያነሰው ብድር ይወስዳል። በአንድ ሳምንት ዘመን እስከ አራት ትምህርት መውሰድ ይፈቀዳል። እዚህ ላይ ተጫዋቾቹ ክፉኛ ተከራከሩ። አራት ትምህርት የያዘ ተማሪ የቤት ሥራውን፣ ጽሑፉንና የገለጻ ዝግጅቱን ሲያዳርስ እንቅልፍም ጓደኛም ያጣል፤ ይህስ ጨዋታ ነው ወይ ያሉ ነበሩ። በአንጻሩ፣ እውነተኛው ኮሌጅ እንዲህ አይደለም ወይ ብለው የመለሱላቸው ነበሩ። ሦስተኞቹ ያዘኑት በሌላ ነገር ነው። ተማሪው ወደ መማሪያው ሕንፃ ሲገባ ከዓይን ይሰወራል። በሩ ይዘጋል፤ ተጫዋቹም ተማሪው እስኪወጣ ድረስ ሰዓት ይቆጥራል።

የጎንደር ሊቃውንት አንድን ቃል «አንድም» እያሉ በልዩ ልዩ ፍች ሲያስፋፉ፣ የቀደመውን ሳይሽሩ አዲሱን ከጎኑ ያስቀምጡታል። የተጫዋቾቹም አስተያየት በዚህ መንገድ ቢነበብ ይጠቅማል። አንድም፣ የኮሌጅ ችግሩ የጊዜ እጥረት ነው። አንድም፣ ችግሩ የተዘጋው በር ነው። አንድም፣ ችግሩ የቆመው የመንደር ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ቅሬታ በቁጥር ይፈታል፤ ሰዓቱን ማስረዘም ወይም ሥራውን መቀነስ ይበቃል። ሁለተኛውን ጎንደር ታቃልለዋለች፤ በቅኔ ቤት ከመምህሩ ፊት የሚዋለው ሰዓት ጥቂት ስለሆነ፣ ከበሩ ውጭ ያለው ኑሮ ከበለጸገ በሩ መዘጋቱ ብዙ አያጎድልም። ሦስተኛው ግን ከሁሉ የከበደ ነው። ተማሪን ከሚያበላው፣ ከሚጠብቀውና ከሚያገለግለው ሕዝብ ለይቶ ማቆም የትምህርቱን ምክንያት ያስቀራል። የ2019ኙ ክፍል ተማሪውን ወደ ቤተሰቡ መመለሱ ከዚህ የተነሣ ትልቅ ማሻሻያ ሆኖ ይታያል።

ያ ክፍል በወጣ በአራት ወር፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ በኮሮና በሽታ ምክንያት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሰደዱ። በዚህ ጊዜ የቆመው የግቢው ሰዓት ነበር፤ የመንደሩ ሰዓት ግን አልቆመም። ተማሪው ወደ ግቢው ሲመለስ ዓመቱ ተለውጦ ነበር፤ ቤተሰቡን ያገዘበት እርሻና የጠየቀው በሽተኛ ግን በየትኛውም የውጤት ወረቀት ላይ አልሰፈረም።

አስመስሎ የሚሠራ ሰው ሁሉ መርጦ ይተዋል፤ ድልድይን በወረቀት የሚነድፍ መሐንዲስም ነፋሱን ሁሉ አይቆጥርም። ስሕተት የሚሆነው የተተወው ነገር የሌለ ሲመስል ነው። ኮሌጅን የሚያቅድ ባለሙያ የአልጋውን፣ የወንበሩንና የትምህርት ሰዓቱን ቁጥር ብቻ ይዞ ቢነሣ፣ ጨዋታ ሠሪዎቹ በ2005 የጀመሩትን ጉድለት በድንጋይና በሲሚንቶ ይደግመዋል። በ1954 ኮሌጁን ያቋቋሙት ሰዎች ከመማሪያ ክፍሉ ጋር የገጠሩን ጤና ጣቢያ አብረው አስበው ነበር። ከዳባት ደጋ ወርዶ ለዓመታት የተማረ ልጅ ወደ ቀዬው ሲመለስ እናቱ ሸምግላ፣ ታናሹ ጎጆ ወጥቶ፣ ምንጩም ደርቆ ወይም ጎልብቶ ያገኘዋል። ትምህርቱ የሚፈተነው ይህን ሁሉ አይቶ ምን ማድረግ እንዳለበት በማወቁ ነው።