የነዳጅ ዘይት ውልደት፦ ከብረት ካርባይድ እስከ ምንጭ አለት

ነዳጅ ዘይት ከምን ተወለደ የሚለው ጥያቄ የኬሚስትሪ ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ጥያቄ ነበር፤ ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር የሚወስነው መልሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1876 የፔንሲልቬንያን የነዳጅ ሥፍራዎች የጎበኘው ሩሲያዊው ሜንዴሌቭ፣ በማግሥቱ ዓመት፣ ውሃ በምድር ስንጥቆች ሰርጎ በጥልቁ ካለ የብረት ካርባይድ ጋር ሲገናኝ ዘይት ይፈጠራል ሲል ጻፈ። ሐሳቡ መናኛ አልነበረም፤ በቤተ ሙከራ ይህን የመሰለ ውህደት ሃይድሮካርቦን ይሰጣል።

ክርክሩን የለወጠው በሙኒክ ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ትራይብስ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ፖርፊሪን የተባሉ ሞለኪውሎችን አገኘ። አጽማቸው ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው የክሎሮፊል አጽም ነው፤ በመካከሉ የነበረውን ማግኒዚየም ግን ቫናዲየም ተክቶታል። እኔ ግን ከዚህ ግኝት ይልቅ የተከተለውን አስተውሎት አስበልጣለሁ፦ ፖርፊሪን ብርቱ ሙቀት አይችልም፤ እንግዲያው ዘይቱ ከምድር እቶን የወጣ ሊሆን አይችልም።

ከዚህ በኋላ ዓይን ሁሉ ወደ ምንጭ አለት፣ ማለትም ዘይቱ ወደሚወለድበት ደቃቅ የደለል አለት ዞረ። ኦክስጅን በራቀው የውሃ ወለል ከጭቃ ጋር የተቀበረ የሕያዋን ቅሪት ኬሮጅን ይሆናል፤ ኬሮጅንም በግምት ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ዘይት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በአመዛኙ ጋዝ ይሰጣል። ፈረንሳዊው ቲሶና ጀርመናዊው ቬልቴ በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የሙቀትና የዘመን ሥራ በሰፊው አብራሩት። ዛሬ ፈላጊው ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ሥፍራ ብቻ አይመለከትም፤ ከሥሩ ያለው አለት ጥሬ እንደሆነ፣ እንደበሰለ ወይም እንዳረረ አስቀድሞ ይጠይቃል።