ለሁለተኛ ዲግሪ ማን ይክፈል?

ባለፈው ሩብ ዓመት ለብድር ኮሚቴው ከቀረቡት ማመልከቻዎች አንዱ እኛን የሒሳብ ክፍል ሠራተኞችን ብዙ አነጋገረን። አመልካቿ አባላችን በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ናት። በሕዝብ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የመግቢያ ፈተናውን አልፋ፣ ቅዳሜና እሁድ በሚሰጠው ትምህርት ተቀባይነት አግኝታለች። የጎደላት የምዝገባውና የመጀመሪያው ሴሚስተር ክፍያ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን ደግሞ ብድር የሚፈቅደው ለንግድ ሥራ፣ ለቤት እድሳት፣ ለሕክምናና ለልጆች ትምህርት ነው። የልጅ እንጂ የእናት ትምህርት የሚል ቃል የለበትም።

ጉዳዩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ተመራ። በዚህ መካከል አንዳንድ እህቶቻችን «የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነች መሥሪያ ቤቷ ያስተምራት እንጂ፣ የእኛን ቁጠባ ለምን ትነካለች?» ሲሉ ጠየቁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለመመለስ ግን መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ማስተማር ከጀመሩበት ዘመን መነሳት ሊኖርብን ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እርዳታ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገሪቱ መዝገብ የሚይዝ፣ በጀት የሚያዘጋጅ፣ ሠራተኛ የሚያስተዳድር ሰው አጥታ ነበርና ዓላማው ግልጽ ነበር። ወደ ሥልጠናው የሚገቡት ግን አስቀድመው በሥራ ላይ ያሉና መሥሪያ ቤታቸው የላካቸው ሰዎች ነበሩ። እኛ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው እንላለን። መሥሪያ ቤቱ የሚልከው ኃላፊውን ወይም ኃላፊ ይሆናል ብሎ የሚያስበውን ነው። በዚያ ዘመን በየሚኒስቴሩ ከተገኙት ጥቂት ሴቶች አብዛኞቹ በታይፕና በጽሕፈት ሥራ ላይ ነበሩ። ታይፒስትን አስተዳደር ተማሪ ብሎ የሚልክ አለቃ ይኖር ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

የተማረች ሴት አልነበረችም ማለት አይደለም። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ከወረራው በፊት ተከፍቶ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በአውሮፓ ተምረው መጥተው፣ ያንን ትምህርት ቤት መርተው፣ በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። አንዲት ሴት ሕግ የምታወጣበት ቦታ ደርሳ ሳለ፣ ሕጉን በየቢሮው የሚያስፈጽሙት ሰዎች የሚመረጡበት መንገድ ግን እንደነበረው ቀጠለ።

በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተጠቃልለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲባሉና ንጉሠ ነገሥቱ ስድስት ኪሎ ያለውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲሰጡ፣ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደርም በዚያው ሰሞን ማዕከላዊ መሥሪያ ቤትና ደንብ አገኘ። ቅጥርና እድገት በችሎታና በትምህርት ማስረጃ እንዲሆን ታሰበ። በወረቀት ላይ ለሴት የሚበጅ ነበር፤ ወረቀት ካላት ማለት ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ በሕዝብ አስተዳደር፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በሶሲዮሎጂ መማር የፈለገ ሰው ግን አሜሪካ፣ እንግሊዝ ወይም ሌላ የውጭ አገር መሄድ ነበረበት። በደርግ ጊዜም ሶቪየት ኅብረትና ምሥራቅ ጀርመን ተጨመሩ።

በዚያ ላይ ሕጉ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርግ ነበር፤ ሚስት እንድትታዘዝ ያዛል፤ የጋራ መኖሪያውን የሚመርጠውም ባል ነው። ባለትዳር የሆነች ሴት ለሁለት ዓመት ውጭ አገር ልማር ብትል የነፃ ትምህርት ደብዳቤው ብቻ አይበቃትም ነበር። ይህ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የተለወጠው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ክልሎች ደግሞ በኋላ በኋላ የየራሳቸውን አወጡ። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ያገቡት በአሮጌው ሕግ ዘመን መሆኑን አንርሳ።

አገር ውስጥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የተከፈተው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሦስተኛ ዲግሪ ደግሞ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ተጀመረ። ለእኛ ይህ ትልቅ ለውጥ ይመስለናል፤ ልጆቿን ጥላ ባሕር መሻገር ያልቻለች ሴት ቢያንስ በታክሲ የምትደርስበት ቦታ ሆነላት። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዕድርና በዕቁብ፣ በገበያና በቀበሌ ላይ መሥራት ጀመሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሥርዓተ ፆታ ጥናት ራሱን ችሎ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሆነ።

የመላኩ ነገር ግን አልተለወጠም። በ1987 ዓ.ም. የተከፈተው፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ክልሎች የሚልኳቸውን ሠራተኞች በመንግሥት ወጪ እንዲያስተምር የተቋቋመ ነው። ብዙ ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ እኛ በሒሳብ ሙያ ያለን ሰዎች ተመራቂዎቹን እናውቃቸዋለን። ለሴቶች ቅድሚያ የሚሰጡ መመሪያዎችም ወጥተዋል። ቢሆንም ዝርዝሩ የሚጻፈው በየመሥሪያ ቤቱ ነው። የአባላችን መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ዕድል ደርሶት ሁለቱንም ጊዜ ወንድ ባልደረቦቿን ላከ። «አንቺ ሕፃን ልጅ አለሽ፣ የሚቀጥለው ይሻልሻል» ነው የተባለችው። በክፋት የተባለም ላይሆን ይችላል።

ማንም ሳይልካቸው የሚማሩበት በር አንድ ነው፤ የማታና የቅዳሜ እሁድ ትምህርት። ገና በኮሌጁ ዘመን የተጀመረ አሮጌ በር ነው። ይህን የምንጽፈው እኛ ራሳችን ዲፕሎማችንን ያገኘነው ማታ ተምረን ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ታክሲ ስንጠብቅ የነበረውን ፍርሃት አንረሳውም። በዚህ በር የሚገባ ግን ከኪሱ ይከፍላል። «መሥሪያ ቤቷ ያስተምራት» ለሚለው መልሳችን ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ችግር የለውም አንልም። በንግድ የተበደረች አባል በወራት ውስጥ መመለስ ትጀምራለች፤ ተማሪ ግን እድገቱን እስክታገኝ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅባት ይችላል። ገንዘቡ ያን ያህል ጊዜ ከታሰረ ሌላዋ እህት ተራዋን ትጠብቃለች። ስለዚህ ብድሩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሴሚስተሩ እንዲለቀቅ፣ በቀጥታ ለትምህርት ተቋሙ እንዲከፈል፣ ተበዳሪዋ ከደመወዟ በየወሩ እንድትመልስና እንደማንኛውም ብድር ሁለት ዋስ እንዲኖራት ሐሳብ አቅርበናል። ለጋሾቻችንም እንድታውቁልን የምንፈልገው፣ የጠየቅነው ከአባላት ቁጠባ እንጂ ለሥራ ማስኬጃና ለሥልጠና ከሰጣችሁን ገንዘብ አለመሆኑን ነው።

የሚሻሻለው አንቀጽ አንድ ነው፤ «ለልጆች ትምህርት» የሚለው «ለልጆችና ለአባሏ ለራሷ ትምህርት» ተብሎ እንዲነበብ። ሐሳባችሁን ከጉባኤው በፊት በየቡድናችሁ ጸሐፊ በኩል ላኩልን። አመልካቿ እስከዚያው ምዝገባዋ ለአንድ ሴሚስተር እንዲተላለፍላት ጠይቃ ተፈቅዶላታል።