የድርሰት ደጅ ጥናት

ደጅ ጥናት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ባለጉዳይ ከመኳንንቱ ግቢ በር ላይ ይውላል፤ እልፍኝ አስከልካዩ ያስገባው ወይም ይመልሰው እንደሆነ እየጠበቀ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይገፋል። ድርሰቱን ጨርሶ ወደ አሳታሚ የሚሄድ ደራሲ ዕጣም ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። ከደራሲያን መካከል ደግሞ ደጅ ጥናቱ ይበልጥ የሚከብደው ምናባዊ ልብ ወለድ ለሚጽፈው ነው። ስለ ገበሬው ወይም ስለ ነጋዴው ኑሮ የጻፈ ሰው ሥራው አንባቢው ከሚያውቀው ዓለም ጋር ሊመሳከርለት ይችላል፤ ያልነበረ አገር፣ ያልተሰማ ቋንቋና ያልታየ ፍጡር የፈጠረ ደራሲ ግን ለምስክርነት የሚያቀርበው ራሱን ድርሰቱን ብቻ ነው። ስለዚህም በሩን የሚከፍተው ማን ነው? የሚከፍተውስ በምን መመዘኛ ነው? የሚለው ጥያቄ ለዚህ ዘርፍ ዋነኛ ጥያቄ ሆኖ ኖሯል። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ግልጽ ምሳሌዎች ስለሚሰጠን በዚያ ላይ እናተኩራለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1930ዎቹ ዓመታት ጄ. አር. አር. ቶልኪን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበር። ለልጆቹ ይተርክላቸው ከነበረው የመነጨ አንድ ታሪክ በታይፕ ጽፎ ለጥቂት ወዳጆቹ ከማዋስ በቀር ለማሳተም አልተጣደፈም። ይሁን እንጂ የአለን ኤንድ አንዊን አሳታሚ ድርጅት ባልደረባ የነበረችው ሱዛን ዳግናል ስለ ረቂቁ ከአንዲት የቀድሞ ተማሪው ሰምታ አነበበችውና የጎደለውን እንዲሞላ አበረታታችው። ሥራው ተጠናቆ በኦክቶበር 1936 ለድርጅቱ ደረሰ። የድርጅቱ ኃላፊ ስታንሊ አንዊን የልጆችን መጽሐፍ በተሻለ የሚዳኘው ልጅ ነው የሚል እምነት ስለ ነበረው፣ ረቂቁን ለ10 ዓመት ልጁ ለሬይነር ሰጠው። ለግምገማው የሚከፈለው ዋጋ አንድ ሽልንግ ነበር። ሬይነርም መጽሐፉ ጥሩ መሆኑንና ከ5 እስከ 9 ዓመት ለሆናቸው ልጆች እንደሚስማማ ጽፎ አቀረበ። «ዘ ሆቢት» ሴፕቴምበር 21 ቀን 1937 በ1,500 ቅጂ ታተመ፤ ዓመቱ ሳይፈጸምም ተሸጦ አለቀ።

ከዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ የደስታ ብቻ በመሰለን ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቶልኪን ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲደክምበት የኖረውንና ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን «ሲልማሪሊዮን» የተባለውን ሥራ ለዚሁ ድርጅት አቀረበ። የቀረበው የግጥምና የዝርው ወረቀት ክምር ነበር፤ የድርጅቱ ገምጋሚ ያየው ግን በአብዛኛው ግጥሙንና ጥቂት የዝርው ገጾችን ብቻ ነበር። ሥራው ተመለሰ። የታተመው በ1977፣ ማለትም ደራሲው በሞተ በአራተኛው ዓመት ነው። አንዱን ድርሰት የአንድ ሕፃን ጥቂት መስመሮች አስገቡት፤ ሌላው ተሟልቶ ሳይነበብ 40 ዓመት ከደጅ ቆመ።

«የቀለበቶቹ ጌታ» ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ቶልኪን በ1937 መጨረሻ ጀምሮ በ1949 ጨረሰው። ከሌላ አሳታሚ ጋር የተደረገው ድርድር ከከሸፈ በኋላ በ1952 ወደ አለን ኤንድ አንዊን ተመለሰ። ያን ጊዜ ረቂቁን የተቀበለው፣ አድጎ የአባቱን ድርጅት የተቀላቀለው ያው ሬይነር ነበር። መጽሐፉ ድርጅቱን እስከ 1,000 ፓውንድ ሊያከስር እንደሚችል ለአባቱ ሲጽፍ፣ አባቱ በሥራው ታላቅነት የምታምን ከሆነ ክሳራውን ተቀበል የሚል መልስ ሰጠው። መጽሐፉ በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ወጣ። ሬይነር በ10 ዓመቱ የፈረደው በፍቅር ብቻ ነበር፤ ጎልምሶ ግን ክሳራውን አስልቶና አውቆ ፈረደ። አሳታሚ ከአታሚ የሚለየውም በዚህ ይመስለናል።

ከዚያ ወዲህ በሩ እየጠበበ ሄደ። አሜሪካዊቷ ማዴሊን ለንግል በ1962 ያሳተመችው «ኤ ሪንክል ኢን ታይም» ከሃያ በሚበልጡ አሳታሚዎች ተመልሶባት ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት የኒውበሪን ሽልማት አገኘ። የረቂቁ ብዛት የአንባቢዎቻቸውን አቅም ሲያልፍ፣ ትላልቆቹ ድርጅቶች በወኪል እጅ ካልመጣ በቀር ረቂቅ አንቀበልም ማለት ጀመሩ። የሥነ ጽሑፍ ወኪል እንግዲህ የዘመናችን እልፍኝ አስከልካይ ነው። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ወኪል ካገኘች በኋላም የመጀመሪያው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ በ12 አሳታሚዎች ተመልሷል። የብሉምስበሪ ድርጅት ኃላፊ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለ8 ዓመት ልጁ ሰጣት፤ እርስዋም ቀሪውን አምጣ ብላ ያዘችው። መጽሐፉ በጁን 1997 ሲወጣ ጠንካራ ሽፋን ያለው የመጀመሪያ እትም 500 ቅጂ ብቻ ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ ፍርዱ እንደገና በልጅ አፍ ተነገረ።

ደጁን ለጥቂት ጊዜ ለሁሉም የመክፈት ልማድ የመጣው ለዚህ ጥበት መልስ ሆኖ ነው። ሃርፐር ቮያጀር የተባለው የምናባዊ ልብ ወለድ አሳታሚ ከኦክቶበር 1 እስከ 14 ቀን 2012 ወኪል የሌላቸው ደራሲያን የተጠናቀቀ ረቂቃቸውን እንዲልኩ ጋበዘ። በእነዚያ 14 ቀናት 4,543 ረቂቆች ደረሱት፤ በቀን ከ320 በላይ መሆኑ ነው። አንድ አንባቢ ለእያንዳንዱ ረቂቅ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢሰጥ፣ በቀን 8 ሰዓት እየሠራ ከ280 ቀናት በላይ ይፈጅበታል። ንባቡ ከታሰበው በላይ ረዘመ፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ለኅትመት የበቁትም እጅግ ጥቂት ነበሩ።

ለእንዲህ ያለው ጥሪ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ አጭር ደብዳቤ፣ የታሪኩ ፍሬ ሐሳብ እስከ ፍጻሜው በአጭሩና የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ናቸው። ሙሉ ዓለም የፈጠረ ሰው ዓለሙን በአንድ ገጽ እንዲያጠቃልል ይገደዳል። ይህ ግን ግፍ ብቻ አይደለም። ታሪኩ የማን እንደ ሆነ፣ ባለታሪኩ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚያጣ በአንድ ገጽ ሊገለጽ ካልቻለ፣ ምናልባት ደራሲው አገር ፈጥሮ ሰው ሳይፈጥርለት ቀርቶ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች በነገሥታት የዘር ሐረግ የሚሞላም እንግዳውን ሳያስቀምጥ ንብረት እንደሚያስቆጥር ባለቤት ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሆነው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1908 ሮማ ላይ ታተመ፤ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚለው ርእሱም ለዘርፉ መጠሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደራሲያን መጽሐፋቸውን በገዛ ገንዘባቸው ወይም በብድር አሳትመዋል። ገንዘብ ይዞ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ደራሲ ደጅ አይጠናም፤ ነገር ግን ከኅትመቱ በፊት ሥራውን አንብቦ «ይህን አስተካክል፤ ይህን ተው» የሚለውን ሰውም አያገኝም። ተረትና ገድል ሲሰማ ያደገ፣ ምናቡ ያልደረቀ ወጣት ደራሲ በአገራችን አይጠፋም። የሚያስፈልገው ቀኑ የታወቀ ጥሪ፣ ረቂቁን እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰውና ተቀበለውም አልተቀበለው ምክንያቱን የሚገልጽ መልስ ነው። በር መክፈት ቀላል ነው፤ ከበሩ ኋላ ተቀምጦ ማንበብ ግን ጊዜና ደመወዝ ይጠይቃል፤ ሥነ ጽሑፋችንን እናሳድጋለን የሚሉ ሁሉ አስቀድመው ሊመድቡ የሚገባቸውም ይህንኑ ነው።