ቁጥር የሚያነቡ ሬዲዮ ጣቢያዎች፡- መልእክቱን ሁሉም ይሰማል፣ ተቀባዩን ማንም አያውቅም

የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ያለው ሰው ማታ ማታ ጣቢያ ሲፈልግ አንዳንድ ጊዜ ዜናም፣ ዘፈንም፣ ስብከትም ያልሆነ ነገር ይገጥመዋል፡፡ አንዲት ሴት ስሜት በሌለው ድምፅ ቁጥር ታነባለች፡፡ አምስት ቁጥር፣ አጭር ዝምታ፣ ከዚያ ሌላ አምስት ቁጥር፡፡ የጣቢያው ስም አይነገርም፤ ከየት እንደሚተላለፍም አይገለጽም፡፡ የሬዲዮ አፍቃሪዎች እነዚህን «የቁጥር ጣቢያዎች» ይሏቸዋል፡፡

ምንነታቸው ዛሬ ብዙም አያከራክርም፡፡ የስለላ ድርጅቶች በውጭ አገር ላሰማሯቸው ሰዎች ትዕዛዝ የሚያስተላልፉባቸው ናቸው፡፡ ከሁሉም ታዋቂ የነበረው «ሊንከንሻየር ፖቸር» የተባለው ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ስርጭቱን ከሚከፍትበት የእንግሊዝ ባህላዊ ዜማ ነው፡፡ አድማጮች አቅጣጫውን ተከታትለው ቆጵሮስ ውስጥ ከሚገኘው የእንግሊዝ አየር ኃይል ሰፈር እንደሚነሳ ደርሰውበታል፡፡ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2008 ዝም አለ፡፡ ሰሜን ኮሪያ ግን ለዓመታት ትታው የነበረውን የቁጥር ስርጭት እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ጀምራለች፤ ንባቡም ለርቀት ትምህርት ተማሪዎች የሚሰጥ መልመጃ ተመስሎ ነበር የቀረበው፡፡

በመቶ ሺዎች ሊሰሙት በሚችሉት ስርጭት ላይ ምስጢር እንዴት ይላካል? አሠራሩ ወረቀትና እርሳስ ብቻ የሚፈልግ ነው፡፡ በራሳችን ፊደል ላሳይ፡፡ እያንዳንዱን ፊደል በገበታው ላይ ባለው ተራና በድምፅ ቤቱ እንቁጠረው እንበል፡፡ «ሰላም» ብለን ብንጽፍ ሰ ሰባተኛ ተራ፣ አንደኛ ቤት ስለሆነች 071፤ ላ ሁለተኛ ተራ፣ አራተኛ ቤት ስለሆነች 024፤ ም አራተኛ ተራ፣ ስድስተኛ ቤት ስለሆነች 046 ትሆናለች፡፡ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቁጥሮች 07102 ናቸው፡፡ ይህን እስከዚህ ድረስ ማንም ጎበዝ ተማሪ ይፈታዋል፡፡

ምስጢሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ ላኪውና ተቀባዩ በዘፈቀደ የወጡ ቁጥሮች የታተሙበት አንድ ዓይነት ደብተር አስቀድመው ተካፍለዋል፡፡ በዕለቱ ገጽ ላይ 58367 የሚል ካለ፣ ላኪው ቁጥር በቁጥር ይደምራል፤ ከዘጠኝ ካለፈ አሥሩን ይጥለዋል፡፡ 07102 እና 58367 ተደምረው 55469 ይሆናሉ፡፡ በሬዲዮ የሚነበበው ይህ ነው፡፡ ተቀባዩ ከራሱ ደብተር 58367ን ቀንሶ 07102ን መልሶ ያገኛል፡፡ ከዚያም ሁለቱም ገጹን ያቃጥሉታል፡፡ ቁልፉ በእርግጥ በዘፈቀደ የወጣ፣ የመልእክቱን ያህል ርዝመት ያለው፣ በምስጢር የተያዘና አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ የትኛውም ኮምፒዩተር ሊፈታው እንደማይችል አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጥናት አረጋግጧል፡፡

ሆኖም ሰው ይሰንፋል፣ ይቸኩላል፡፡ ሶቪየት ኅብረት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አንዳንድ የደብተር ገጾችን ደግማ በማሳተሟ አሜሪካውያን «ቬኖና» በተባለው ፕሮጀክት ብዙ መልእክቶቿን ፈትተዋል፡፡ በአሜሪካ መከላከያ የስለላ ተቋም ውስጥ ሆና ለኩባ ስትሰልል የነበረችው አና ቤለን ሞንቴስ ትዕዛዝ የምትቀበለው በአጭር ሞገድ በሚነበቡ ቁጥሮች ነበር፡፡ መርማሪዎች ማስረጃ ያገኙት ግን ከሬዲዮው ሳይሆን ቁጥሮቹን ከፈታችበት ላፕቶፕ ነው፤ የደመሰሰቻቸው ጽሑፎች ተመልሰው ተገኙ፡፡ እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 2001 ተያዘች፡፡

ለእኛ ይህ ታሪክ ከሩቅ የመጣ ወሬ አይደለም፡፡ የምኖረው ጎፋ፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ የክፍለ ከተማው ስም ራሱ የመጣው ከሬዲዮ ነው፡፡ አባቶቻችን ሽቦ ሳይዘረጋ ቃል የሚያደርሰውን መሣሪያ «የነፋስ ስልክ» አሉት፤ ስሙም በደቡብ አዲስ አበባ ላይ ቀረ፡፡ በጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ የተሠራው የአቃቂ ጣቢያ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፡፡ በዚያው ዓመት የጣሊያን ጦር አገራችንን ወረረ፡፡

በጦርነቱ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዛዦቻቸውና ከአዲስ አበባ ጋር በሬዲዮ ይገናኙ ነበር፡፡ ጣሊያኖች እነዚህን መልእክቶች እየጠለፉ ይፈቷቸው ነበር፡፡ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጥቃት ሲከፈት የባዶሊዮ ጦር ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር፡፡ ለሽንፈቱ የአውሮፕላኑና የመርዝ ጋዙ ድርሻ ከፍተኛ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ነፋስ ወዳጅን ከጠላት ሳይለይ ለሁሉም እንደሚያደርስ አገሪቱ የተማረችው በዚያ ዘመን ነው፡፡ በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1977 አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካኖች ጣቢያ፣ በኋላ ስሙ «ቃኘው»፣ የሌሎችን የሬዲዮ መልእክት ሲያዳምጥ ኖሯል፡፡

እንግዲህ በሳተላይትና በኢንተርኔት ዘመን መንግሥታት ለምን ወደዚህ አሮጌ መንገድ ይመለሳሉ? የአጭር ሞገድ ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው ነው፤ በከባቢ አየር የላይኛው ክፍል እየነጠረ አህጉር ያቋርጣል፡፡ ነገር ግን ዋናው ምክንያት ርቀቱ አይደለም፡፡ ላኪውን በመሣሪያ ተከታትሎ ማግኘት ይቻላል፤ ቁጥሮቹን መቅዳት ይቻላል፤ ማን እያዳመጠ እንደሆነ ግን ከስርጭቱ ተነስቶ ማወቅ አይቻልም፡፡ ተራ ሬዲዮ ይቀበላል እንጂ ለማንም መልስ አይሰጥም፡፡ እኔ እንደምረዳው የቁጥር ጣቢያ ከመልእክቱ ይልቅ የሚሸሽገው አድማጩን ነው፡፡

ይህን ጥቅም ለማወቅ ደግሞ ሰላይ መሆን አያስፈልግም፡፡ በደርግ ዘመን አባቴ የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን የሚያዳምጠው መስኮቱን ዘግቶ፣ ሬዲዮውን ጆሮው ሥር አድርጎ ነበር፡፡ የሚፈራው ጎረቤትን ነው እንጂ ሬዲዮው አሳልፎ ይሰጠኛል ብሎ አይደለም፡፡ መንግሥታትም አድማጩን ማግኘት ሲያቅታቸው የቀራቸው አማራጭ ሞገዱን በጩኸት መሸፈን ነው፡፡ በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅትን ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው፣ ስርጭቱን የማፈን ሙከራ መደረጉን በይፋ ተናግረዋል፡፡

ከዚያ ወዲህ ዜና የምናገኝበት መንገድ ተለውጧል፡፡ ስልካችን ምን እንዳነበብን፣ መቼና የት ሆነን እንዳነበብን ይመዘግባል፤ ሲፈለግም ይዘጋል፡፡ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጧል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሆነውም ከአእምሯችን አልጠፋም፡፡ በእነዚያ ቀናት ከውጭ የሚመጣ ድምፅ የደረሳቸው በባትሪ የሚሠራ አሮጌ ሬዲዮ ያልጣሉ ሰዎች ናቸው፡፡

እነዚያን ቁጥሮች ድንገት የሰማ አንባቢ እፈታለሁ ብሎ ባይደክም ይሻላል፤ ደብተሩ የሌለው ሰው ምንም አያገኝባቸውም፡፡ ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይበል፡፡ የዓለም የስለላ ድርጅቶች ሰዎቻቸውን ለመጠበቅ ከመረጧቸው መንገዶች አንዱ፣ እናቶቻችን ቡና ሲያፈሉ ዜና የሚሰሙበት ያው ሬዲዮ ነው፡፡ ማን እንደሰማ ሳይታወቅ መስማት ለእነሱ ይህን ያህል ዋጋ ካለው፣ ለተራው ዜጋም ዋጋ አለው፡፡