በማኅበራዊ ሠራተኞች መዝገብ ስለመመዝገብ

በእስራኤል የማኅበራዊ ሥራ ሙያ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የማኅበራዊ ሠራተኞች ሕግ ነው። በመዝገቡ ያልሰፈረ ሰው፣ ዲግሪ ቢኖረውም እንኳ፣ «ማኅበራዊ ሠራተኛ» (በዕብራይስጥ «ዖቬድ ሶሲያሊ») በሚለው የሙያ መጠሪያ መጠቀም አይችልም።

ለመመዝገብ የሚያስፈልጉ ሁኔታዎች፦

• የእስራኤል ዜጋ ወይም ነዋሪ መሆን፤
• ዕውቅና ካለው ተቋም በማኅበራዊ ሥራ የመጀመሪያ ዲግሪ ማግኘት፤
• ከዓይነቱ ወይም ከክብደቱ የተነሳ ለሙያው ብቁ በማያደርግ ወንጀል የተፈረደበት አለመሆን።

ማመልከቻው በሚኒስቴሩ ለሚገኘው የማኅበራዊ ሠራተኞች መዝጋቢ ይቀርባል። በኢትዮጵያም ሆነ በሌላ አገር የተማረ አመልካች ዲግሪው በእስራኤል ዕውቅና ያገኘ መሆን አለበት። በሥነ ልቦና፣ በሶሲዮሎጂ ወይም በሌላ ተቀራራቢ ትምህርት የተመረቀ ሰው በዚያ ዲግሪ ብቻ አይመዘገብም፤ ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ለሌላ ሙያ ምሩቃን ባዘጋጁት የሙያ ሽግግር ፕሮግራም የማኅበራዊ ሥራ ዲግሪ ማግኘት ይችላል።

የተመዘገበ ባለሙያ በሥራው ምክንያት ያወቀውን የተገልጋይ ጉዳይ፣ ሕግ ከፈቀደው ሁኔታ ውጪ፣ በምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ይሁንና ምዝገባው ብቻውን ሁሉንም ሥልጣን አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው የወጣቶች ጥበቃና ክትትል ሕግ መሠረት ለአደጋ የተጋለጡ ልጆችን ጉዳይ የሚይዘው፣ ለዚሁ ተግባር የተሾመ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነው።