ከሎዛ በፊትስ?

የነአኩቶ ለአብን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው ውኃውን አይረሳም። ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ የተቀመጡት የጎደጎዱ ድንጋዮች ጠብታውን ይቀበላሉ። የተጠራቀመው ጠበል ይሆናል። ድንጋዮቹ ባይኖሩ ያን ሁሉ ውኃ መሬት ጠጥታው ትቀር ነበር። ይህን ማንሣቴ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ለመጻፍ አይደለም፤ ከዚያ ስወጣ ስለ ገጠመኝ ነገር ላወራ ነው።

ከአጥሩ ራቅ ብሎ ልጆች የጨርቅ ኳስ ይጫወታሉ። አረፍ ብዬ ስመለከት አንዲት ልጅ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሁለት ወንዶች አለፈችና ኳሱን በሁለት ድንጋዮች መካከል ሰደደችው። የልጅነት ልማድ አይለቅምና «ጎሽ መንግሥቱ ወርቁ!» ብዬ ጮኽሁ።

«እሱ ማነው ጋሼ?» አለችኝ።

«የኢትዮጵያ አጥቂ ነበር። እንዳንቺ ጎል አግቢ።»

«ሴት አጥቂስ ማን ነበረች?»

«ሎዛ አበራ አለችልሽ!» አልኳት፣ መልስ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ።

«ሎዛንማ አውቃታለሁ። ከሎዛ በፊትስ?»

ዝም አልኩ።

የጠየቀችኝ ስለ መንግሥቱ ቢሆን ኖሮ እስኪመሽ ባወራኋት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም ከቀረበችው ግብፅ ጋር ገጠምን። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። በመጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎም አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉን። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን ሲያስቆጥር፣ መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ አራተኛውን አግብቶ ነገሩን ጨረሰው። ዋንጫውን ሉቻኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች በጠቅላላው 10 ጎል አለው። የክለብ ዘመኑን ለቅዱስ ጊዮርጊስ ሰጠ፤ ጫማውን ከሰቀለ በኋላም አሠልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑን በ1974 ዓ.ም. ለሊቢያው የአፍሪካ ዋንጫ አበቃ፣ በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አስገኘ። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር አለቀሰለት።

ይህን ሁሉ የማውቀው የፍጻሜውን ጨዋታ በዓይኔ አይቼ አይደለም። አባቴ ነገረኝ፣ ጋዜጣ ጻፈልኝ፣ ራዲዮ ደጋገመልኝ። የመንግሥቱ ጎሎች ተቀባይ ነበራቸው።

ወደ ሴቶቹ ስመጣ ግን የማፍረው በራሴ ነው። በመስከረም 1997 ዓ.ም. የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ ሉሲ፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ በተካሄደው የሴቶች የአፍሪካ ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በናይጄሪያ ተሸንፎ ለሦስተኛነት ከጋና ጋር ተጋጠመ፤ በፍጹም ቅጣት ምት ተረትቶ አራተኛ ወጣ። አንባቢ ልብ ይበልልኝ! ወንዶቹ በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ ዋንጫ ከራቁ 22 ዓመት ሆኗቸው ነበር። እኔ ወሬውን ምሳ ላይ ሰማሁት። «ጎሽ» አልኩና ጉርሻዬን ቀጠልኩ። ማን አገባች ብዬ አልጠየቅሁም።

ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ስሕተት ቢሆን በተናዘዝኩና ባለፍኩት። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ወንዶቹ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ አዲስ አበባ በጭፈራ ተናወጠች። እኔም ወጥቼ ጨፍሬአለሁ። ሉሲዎች ግን ታንዛኒያን አሸንፈው ቀድመዋቸው አልፈው ነበር፤ በዚያው ወር ለውድድሩ ኢኳቶሪያል ጊኒ ነበሩ። ለእነሱ ስጨፍር ያየኝ የለም።

በሌላው ዓለም ነገሩ ከዚህ የከፋ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1921 ሴቶች በማኅበሩ ክለቦች ሜዳ እንዳይጫወቱ ከለከሉ፤ ክልከላው ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ጸና። በስፔን አገር ደግሞ ኮንሴፕሲዮን ሳንቼስ የምትባል አጥቂ ነበረች። ገና በ13 ዓመቷ ማድሪድ ላይ ጎል ስታዘንብ ያየ ሕዝብ «አማንሲዮ» ብሎ ጠራት፤ አማንሲዮ በዘመኑ ዝነኛ የሪያል ማድሪድ ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የስፔን ሴቶች ከፖርቱጋል ጋር ሲጋጠሙ ፌዴሬሽኑ አርማውን በማልያቸው ላይ እንዲለጥፉ አልፈቀደም። ለሴቶች እግር ኳስ ዕውቅና የሰጠው በ1980 ነው። ኮንቺ አማንሲዮ ግን ያንን አልጠበቀችም፤ በልጅነቷ ወደ ኢጣሊያ ተሻግራ ለብዙ ዓመታት እዚያ ተጫወተች። ስፔን በ2023 የሴቶች የዓለም ዋንጫን ስትወስድ ሜዳውን ቀድመው የረገጡት እነ ኮንቺ ነበሩ።

የኮንቺን ታሪክ ሳነብ የደነገጥኩት በቅጽል ስሟ ነው። የማድሪድ ሰዎች ጎበዝ ልጅ አይተው የሚሰጧት የሴት ስም አጡና የወንድ ስም ሰጧት። እኔስ ነአኩቶ ለአብ ላይ ምን አደረግሁ? ያውም የእኛ ሴቶች አርማውን ለብሰው ተጫውተዋል። የከለከላቸው ሕግ ሳይሆን የጠየቀ ሰው ነው የጠፋው።

ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ በሐዋሳ ከተማና በደደቢት ተጫወተች፤ እ.ኤ.አ. በ2019–20 የውድድር ዘመን ወደ ማልታ ሄዳ ከቢርኪርካራ ጋር የሊጉን ዋንጫ አነሣች፣ ኮከብ ግብ አግቢም ሆነች። በ2024 ወደ አሜሪካ ተሻገረች። ስሟ እስከ ላስታ ተራሮች የዘለቀው ጎሎቿ ስለ ተቆጠሩ ነው። ከእርሷ በፊት ሉሲን በአጥቂነት ያገለገለችው ብርቱካን ገብረክርስቶስም አለች። ይህን ስም ለልጅቷ ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ በጊዜው አልመጣልኝም።

ላስታ ይህን ነገር ከእኛ በተሻለ ያውቅበታል። ቤተ አባ ሊባኖስን ንግሥት መስቀል ክብራ በመላእክት እርዳታ ለባሏ ለላሊበላ መታሰቢያ አሠራችው ይላል ትውፊቱ። ሊቃውንቱ ስለ ትውፊቱ የመሰላቸውን ይበሉ፤ የሴቲቱ ስም ግን ከሥራዋ ሳይለይ ምእተ ዓመታትን ተሻግሯል።

ደቡብ አፍሪካ ላይ አራተኛ የወጡት ሴቶች ዛሬ የልጆች እናት ለመሆን የደረሱ፣ ሲጠየቁ የሚመልሱ ሰዎች ናቸው። የትኛዋ አቀበለች፣ የትኛዋ መታች፣ ማልያውን ማን አጠበው፣ ሲመለሱ ማን ተቀበላቸው፤ ሁሉንም ያውቁታል። ጠብታው አልደረቀም። ድንጋዩን ከሥሩ ማስቀመጥ የእኛ ፈንታ ነው።