«አንድ ጋሻ» ስንት ነው?

የድሮ የመሬት ወረቀት ለማንበብ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚሰናከለው «አንድ ጋሻ» በሚሉት ሁለት ቃላት ነው። መጻሕፍት ወደ 40 ሄክታር ይተረጉሙታል። ይሁን እንጂ ጋሻ የስፋት ልክ ብቻ አልነበረም፤ የግብርና የአገልግሎት መቁጠሪያም ነበር።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን በሸዋና በደቡብ ቀላድ ሲጣል ገመዱ 133 ክንድ፣ ማለትም 66 ሜትር ገደማ ነበር። ክንድ ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ገመድም ይረግባል፣ ይወጠራል። ከዚህም በላይ መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እየተባለ ሲለካ የጋሻው ስፋት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያይ ነበር። ስለዚህ ሁለት ወረቀቶች እኩል «አንድ ጋሻ» ቢሉም፣ ዛሬ በሜትር ሲለኩ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

ወሰኑም እንዲሁ ነው። «ከወንዙ እስከ ዋርካው፣ ከዋርካው እስከ እገሌ ማሳ» የሚል ጽሑፍ በዘመኑ ግልጽ ነበር። ወንዝ ግን አቅጣጫ ይለውጣል፣ ዋርካ ይወድቃል፣ እገሌም ይሞታል። በመሆኑም መርማሪው ከቁጥሩ በፊት ምልክቱን፣ ከምልክቱም ጋር ወሰኑን በእግራቸው የሚያውቁትን ሽማግሌዎች ቃል መመርመር ይገባዋል። ጸሐፊ በቁጥር ሊሳሳት ይችላል፤ ሁሉም የሚያየውን ጅረት ግን በቀላሉ አይስትም።

ችግሩ የቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመዝገበ ቃላት በተተወ ነበር። ነገር ግን በአሻሚው ቃል ላይ የሚፈርደው ማን ነበር? ቀላድ በተጣለበት አገር ሲሶው ለባላባቱ ሲተው፣ የቀረው በመንግሥት እጅ ገብቶ ለወታደርና ለሹም ተደለደለ፤ ገባሩ አርሶ ከፈለ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ፣ እንደ ሸዋና አርሲ ባሉ ጠቅላይ ግዛቶች ግብርና አሥራት ተደምሮ በጋሻ ለለም 50፣ ለለም ጠፍ 40፣ ለጠፍ 15 ብር ሆነ። «ለም» እና «ጠፍ» በሚሉት ቃላት መካከል የ35 ብር ልዩነት ነበረ ማለት ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፣ ከግብሩ በስተጀርባ ልኬት፣ ከልኬቱም በስተጀርባ ርስት ማጣት ታይቶት ነበር።

የ1967ቱ አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የግል ባለቤትነት ቀረ፤ የወሰን ጥያቄ ግን አልቀረም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለገበሬው የታደሉት የመጀመሪያዎቹ የይዞታ ደብተሮች፣ ካርታ ሳይኖራቸው ማሳውን በአራቱ አዋሳኞች ስም ይገልጹ ነበር። እነዚያም አዋሳኞች ሟቾች ናቸው። የድሮውን ወረቀት አነባበብ መማር ያለብን ስለዚህ ነው፤ ነገ በእነዚህ ደብተሮች ላይ ክርክር ሲነሣ የገበሬው ምስክርነት ከጸሐፊው ቁጥር እኩል ሊሰማ ይገባል።